የበረዶው ጥፋተኛ

ጋሽ ደምሴ ያለ ጥፋተኛ የሚሆን ነገር የለም ባይ ናቸው። ወተት ቢበላሽ፣ ውሻ ቢያነክስ፣ “ማነው?” ይላሉ እንጂ “ምን ሆነ?” አይሉም። ታቦር ተራራ ከሚታይበት አዲስ ከተማ ውስጥ ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዩኒፎርም ይሰፋሉ፤ መርፌ ሲሰበርባቸው እንኳ በዚያች ሰዓት በደጃቸው ያለፈውን ሰው ይጠረጥራሉ። ሚስታቸው ሐዳሳ ተኝታ በዚያው የቀረች ጊዜ ግን ጥፋተኛ አልተገኘም። ሐኪሙ “ጊዜዋ ደርሶ ነው” አላቸው፤ ይህን መልስ አልተቀበሉትም። እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፤ ስንት ጊዜ እንደተጠረጠርኩ አትጠይቁኝ።

ባለፈው ክረምት በረዶ ጥሎ የስፌት ቤታቸውን መስታወት አረገፈው። “ማነው?” አሉ። የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብንላቸው አኮረፉን። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንድ ባለሙያ ራዲዮ ላይ ቀረበ። ደመና ውስጥ ያለ ውሃ ስለበረደው ብቻ በረዶ አይሆንም፣ በጣም ቀዝቅዞም ውሃ እንደሆነ ሊቆይ ይችላል፤ ከምድር የተነሳ ደቃቅ ብናኝ ሲያገኝ ግን እሱን ይዞ በረዶ ይሠራል ብሎ አስረዳ። ጋሽ ደምሴ መቀሳቸውን አስቀመጡ፤ ፊታቸው በራ።

“አላልኳችሁም? ሰው አለበት።”

ባለሙያው ብናኙ ከሩቅ በረሃ ሊመጣ እንደሚችልም ተናግሮ ነበር። እሱን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት፤ በረሃ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም። ሙንተሃ ግን ትቀርባለች። የሙንተሃ ወፍጮ ቤት ከስፌት ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ በርበሬ ስትፈጭ ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። “ወፍጮሽ ከዚህ ይነሳል” አሏት፤ ለሰፈሩ ሽማግሌዎችም ከሰሷት። ሽማግሌዎቹ ከፈረዱባት መነሳቷ እንደማይቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጆቿን የምታሳድገው ደግሞ በዚያ ወፍጮ ነው።

ማስረጃ ያስፈልግ ነበር። በረዶ ዳግመኛ ሲጥል ጋሽ ደምሴ ሳፋ በራሳቸው ላይ ደፍተው ወጡና ትልቁን መርጠው አነሱ። ችግሩ ፍሪጅ የላቸውም። በአቅራቢያችን ፍሪጅ ያላት ሙንተሃ ብቻ ናት። በረዶውን በስኒ ይዘው ሄዱ።

“ሙንተሃ፣ ይቺን አደራ። የክስሽ ማስረጃ ናት።”

“እሺ ጋሼ። ከላይ ላድርጋት ከታች?”

“ብርዱ የሚበረታበት አድርጊልኝ።”

አደራ አደራ ነው። ልጆቿ እንዳይነኳት ሥጋውን ሁሉ አውጥታ ብቻዋን አስቀመጠቻት። እኔ ብሆን አፌ ውስጥ ከትቼ እገላገላት ነበር።

የሽምግልናው ዕለት ጠዋት መብራት ጠፋ። ሙንተሃ እየሮጠች መጣች። “ጋሼ፣ ማስረጃዎ እየቀለጠብን ነው።” ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ዛፍ ሥር ስንደርስ ስኒው ውስጥ ጠብታ ውሃ ብቻ ቀርቷል። ሰብሳቢው አቶ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ለሌሎቹም አዞሩት። ብናኝ አለ ያለም፣ የለም ያለም ነበር። በመጨረሻ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱት።

“አያቃጥልም” አሉ አቶ ሙሉጌታ።

“አንዲት ብናኝ በርበሬ ምን ልታቃጥል?” አሉ ጋሽ ደምሴ።

ክርክሩ ጦፈ። አንዱ የመንገዱ አቧራ ነው ይላል፣ ሌላው የከሰል ጭስ ነው ይላል። ጋሽ ደምሴ ብድግ ብለው “እንግዲያው ማነው? አንድ ሰው እንኳ እኔ ነኝ ይበለኝ እንጂ” ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ለመስታወት እንዲህ አይኮንም። ሙንተሃ ትክ ብላ አየቻቸውና ተነሳች።

“እኔ ነኝ ጋሼ። የኔ በርበሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

ወፍጮዋን በገዛ አፏ አስነሳች ብዬ ተናደድኩባት። ጋሽ ደምሴ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠይቁ “እኔ ነኝ” ያላቸው ሰው አልነበረም። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“የሐዳሳስ?” አሏት።

“እሱን እንኳ ማንም አላደረገው፣ ጋሼ።”

ከሐኪሙ ያልተቀበሉትን ከሷ ተቀበሉ። ኮታቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። ወፍጮው አይነሳም፤ ደመና ሲመጣ ግን በርበሬ አይፈጭም፤ ደመና መምጣቱን የሚነግሯት ጋሽ ደምሴ ይሆናሉ።

ከዚያ ወዲህ በታቦር ተራራ በኩል ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ስፌታቸውን ትተው ይሄዳሉ። ሙንተሃ ወፍጮውን አጥፍታ ሻይ ትቀዳላቸዋለች። በረዶው እንደሆነ መጣሉን አልተወም። ትናንትም ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤቴን ከወፍጮ ቤቱ በሚለየው ግድግዳ በኩል ሰማኋቸው።

“ይሄኛውስ የማን ነው?”

“የኔው ነው ጋሼ። ያለፈው ሳምንት የፈጨሁት ይሆናል።”

“ተይው፣ ግድ የለም” አሉና ስኳር እንድትጨምርላቸው ጠየቋት።