አሮጌው የመብራት ቤት ውስጥ ያገኘናት ሴት

ዝናብ በመታው አፈር ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ሲሸተኝ፣ የትም ብሆን ልቤ ዲላ ይገባል። ከቤታችን ጓሮ፣ ከእንሰቱ ባሻገር፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነበር። ከተማው ድሮ መብራት የሚያገኘው እዚያ ውስጥ ከነበረው ሞተር ሲሆን፣ ሞተሪስቱም አባቴ ነበር። በኋላ ከገበያው ማዶ አዲስ ሞተር ሲተከል አባባ ወደዚያ ተዛወረ፣ የአሮጌው ቤት በርም በሰንሰለት ተዘጋ።

«ወለሉ ላይ ክፍት ጉድጓድ አለ፤ ድርሽ እንዳትሉ» ይለን ስለነበር፣ እኔና ታላቅ እህቴ ጽጌ በጋውን ሙሉ በቀዳዳ አጮልቀን እያየን እንመለስ ነበር። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ግን ቤት መዋል ሰለቸን። አንድ ቀን ዝናቡ ሲያባራ ጽጌ ዝቅ ያለውን መስኮት የሸፈነውን ቆርቆሮ ገፋ አድርጋ ገባችና እጄን ይዛ ሳበችኝ።

ውስጡ ቀዝቃዛ ነበር። ሞተሩ ከአባባ ቁመት የሚበልጥ የብረት ጎማ በጎኑ ይዞ አቧራ ለብሶ ቆሟል፣ ግድግዳው ላይ መስታወታቸው የተሰነጠቀ ቆጣሪዎች ተደርድረዋል፣ ጣሪያው ሥር እርግቦች ያጉረመርማሉ። ጉድጓዱን ጥግ ጥጉን አልፈን ወደ ኋላኛው ክፍል ስንዘልቅ፣ ሆዷ የገፋ አንዲት ወጣት ሴት የቡና ጆንያ ላይ ተቀምጣ አየን።

«አትፍራ፤ እኔም ሰው ነው» አለችኝ። አማርኛዋ እኔን ወንድ ሲያደርገኝ ጊዜ ሳቄ መጣና ፍርሃቴ ቀለለልኝ።

ስሟ ዳመነች ነበር። እሷና ባሏ ወናጎ አካባቢ ጭሰኞች ሆነው ቡና ሲያለሙ ኖረው ባለመሬቱ አስነሣቸው። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ይርጋጨፌ ሲሄድ እሷን ዲላ ካለ ዘመዱ ዘንድ ላካት፤ ደርሳ ብትጠይቅ ግን ዘመድየው ከተማውን ለቆ ሄዷል።

«ለሰው አትንገር፤ ዘበኛ ያስወጣኛል» ብላ ለመነችን።

ከዚያ ወዲህ ቆጮና ጎመን ከምሳችን እየደበቅን እንወስድላት ነበር፤ እሷም ጸጉራችንን እየሠራች በጌዴኦኛ መቁጠር ታስተምረን ነበር።

ነሐሴ ላይ ዶፍ በወረደበት ቀን ስንሄድ፣ ዳመነች ሞተሩን ተደግፋ ታቃስታለች። ምጥ ይዟት ነበር።

«ሮጠሽ ለእማዬ ንገሪያት፤ እኔ አብሬያት እቆያለሁ» አለችኝ ጽጌ።

«አባባስ?»

«ቢገርፈንም ይግረፈን!»

እማዬ ልብስ እየሰፋች ነበር። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ መቀሷን አስቀመጠችና «ማን አለ አጠገቧ?» ብቻ አለች። ነጠላዋን አንሥታ፣ የሌሊት ተረኛ ስለነበር የተኛውን አባባን ቀስቅሳ፣ ማዋለድ የምታውቀውን የባለሱቁን ሚስት እትዬ ዘሃራን ጠርታ በዝናቡ ወጣች። አባባ ሰንሰለቱን በብረት ፈልቅቆ በሩን ከፈተ፣ ጉድጓዱ ላይ ሳንቃ አጋድሞ ሴቶቹን አሻገረ። እኛን ገላመጠን።

ከእሱ ጋር ደጃፉ ላይ ቆመን ጠበቅን። ከውስጥ የእትዬ ዘሃራ «በርቺ እናቴ፣ በርቺ!» የሚል ድምፅ ሲመላለስ፣ ጽጌ ከንፈሯን ነክሳ ታለቅስ ነበር። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ።

«ሴት ናት! እናትዬዋም ደኅና ናት!» አለች እማዬ ብቅ ብላ።

አባባ ፊቱን በእጁ መዳፍ ጠረገ። «እዚህ ቤት ከሞተር ጩኸት ሌላ ሰምቼ አላውቅም ነበር» አለ፤ ሁለታችንንም ወደ ራሱ አስጠጋን።

የዚያኑ ዕለት እናትና ልጅ እኛ ቤት ገቡ። ቤታችን በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል ነበረች፤ እኔና ጽጌ መደባችንን ለቀንላቸው ወለል ላይ ተኛን። አባባ በጭነት መኪና ሾፌሮች በኩል ባሏን ሲያፈላልግ ከርሞ፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ ሰውዬው መጣ። ልጁን ተቀብሎ በጋቢው ጠቅልሎ ታቀፋት። ወደ ቡሌ፣ ወደ ወንድሙ ዘንድ ይዟቸው ሲሄድ እስከ መንገዱ ሸኘናቸው።

ዛሬ አሮጌው ቤት ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል አሉኝ። እኔ በምኖርበት ቤት ለእንግዳ የተለየ ክፍል አለ፤ አልጋው ሁልጊዜ እንደተነጠፈ ነው፣ ብዙ ጊዜም ማንም ሳይተኛበት አንሶላው ይቀየራል። በዚያች መጋረጃ በከፈላት ቤት ግን «የት ይተኛሉ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም።