በባለቤቴ እጅ ልክ የተስተካከለ ማውስ

ማውሱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ተልኮ ወረታ መናኸሪያ የደረሰ ዕለት ባለቤቴ ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ ሄደ። ሱቅ የምለው ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ዳር የነበረችንን ጠባብ ኮምፒውተር ቤት ነው። እዚያ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል፣ በገበያ ቀን ደግሞ ለገበሬው ስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። የተዋወቅነውም ፈተና ላስተይብ እዚያው ሱቅ ገብቼ ነው። ወረቀቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ቁልፎቹን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያይ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ያንጣጣው ጀመር። መጀመሪያ የወደድኩት ጣቶቹን ነው ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን እሱ ነው።

የፎገራ ገበሬ ልጅ ነው። ሩዝ ሲያርምና ወፍ ሲጠብቅ አድጎ፣ ከተማ ገብቶ ኮምፒውተር የተማረ። ሥራ ሲቀዘቅዝ የሚጫወተው አንድ ጨዋታ ነበረው። ከባዶ ሜዳ ተነስቶ መንደር ይቆረቁራል፣ ሰዎቹን እንጨት ያስቆርጣል፣ እርሻ ያሳርሳል፣ ጠላት ሲመጣ ደግሞ ጦር አሰልፎ ይዋጋል። ሁሉም ነገር የሚሠራው በማውስ ነው። አብሮት የተማረ አዲስ አበባ የሚኖር ጓደኛው ይህን ስለሚያውቅ ነው ለጨዋታ ተብሎ የተሠራ ማውስ ፈልጎ የላከለት።

ካርቶኑን ሱቅ ውስጥ ስንከፍተው የጠበቅኩት ትንሽ ነገር ነበር። የወጣው ግን መዳፍ የሚሞላ ጥቁር ነገር ነው። ገመዱ በጨርቅ የተጎነጎነ፣ ከጎኑ ለአውራ ጣት ብቻ የተሰለፉ ትንንሽ ቁልፎች ያሉት፣ ሲሰኩት ከውስጥ የሚበራ። ሆዱ ይከፈታል፤ ውስጡ ሚዛን መጨመሪያ ትንንሽ ብረቶች አሉ። እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንዲሠራ እንደምትፈልግ የምትነግረው አንተ ነህ። ለዚያ ግን ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። ኢሕአዴግ ሥልጣን ላይ የነበረበት ዘመን መጨረሻው አካባቢ ስለነበር ኢንተርኔቱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ባለቤቴም ያን ሁሉ ቁልፍ ታቅፎ ስንት ጊዜ ቁጭ አለ። በመጨረሻ ጓደኛው ፕሮግራሙን በፍላሽ አድርጎ በዚያው ሾፌር ላከለትና ነገሩ ሁሉ ተከፈተ።

እኔ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም። ለእኔ እጅ ወፍራም ነው። ቀስቱ ትንሽ ስነካው ከስክሪኑ ጥግ ጥግ ይበራል። የተማሪ ውጤት ስሞላ አውራ ጣቴ ሳላስበው የጎን ቁልፉን ይነካና ገጹ ወደ ኋላ ይመለሳል።

«ውሰድልኝ ይኼን ጉድህን!» አልኩት አንድ ቀን።

«ጉዱ ያንቺ እጅ ነው። ስታንቀሳቅሺው እኮ በሬ የምትገፊ ነው የሚመስለው» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ ለእኔ የሚሆን አስተካከለልኝ። የቀስቱን ፍጥነት ዝግ አደረገው። እንዳይንሸራተትብኝ ሆዱ ውስጥ ብረቶቹን ሁሉ ጨመረበት። በአውራ ጣቴ ስጫነው ወደሚቀጥለው ተማሪ የሚያወርደኝ ቁልፍም ሠራልኝ። የእኔ ተራ ሲሆን አረንጓዴ ይበራል፣ የእሱ ሲሆን ቀይ። ከእኔ ወደ እሱ የሚያዞረን ከመሽከርከሪያው ሥር ያለች አንዲት ቁልፍ ናት። ከዚያ በኋላ ውጤት መሙላት የምጠላው ሥራ መሆኑ ቀረ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ባልደረቦቼ ጣታቸውን እያሻሹ ሲያማርሩ እኔ ባል አለኝ ብዬ በልቤ እኮራ ነበር።

አባቱ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲወጡ ሱቁ ጎራ ሳይሉ አይመለሱም። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ይገቡና ፎቶ ኮፒው አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ማውሱን ያዩት ቀን፣

«ይህ የሚበራው ምንድን ነው?» አሉ።

«ማውስ ይባላል አባባ» አልኳቸው። «ትርጉሙ አይጥ ማለት ነው።»

«አይጥ! ጎተራ የሚፈጀን አንሶ እናንተ ከአዲስ አበባ አስመጣችሁ?»

ሱቁ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ልጃቸው የሚያሳርሰውን መንደር እያዩ ነበር።

«እነዚህ ሰዎች ስንዴ ብቻ ነው የሚዘሩ? ሩዝ አያውቁም?»

«አያውቁም አባባ» አለ ባለቤቴ።

«ምስኪኖች» አሉ ከልባቸው አዝነው።

እንዲህ ነበርን። በኋላ የሆነውን ሳስብ፣ ያ ዓመት ምን ያህል ደስ ያለኝ ዓመት እንደነበረ ያኔ አለማወቄ ይገርመኛል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ ከጎረቤት ጋር ያወራል። እኔ ውጤት ልሞላ ተቀመጥኩና ወደ ራሴ ማዞሩን ረሳሁት፤ ማውሱ ቀይ እንደበራ ነው። እጫናለሁ፣ ምንም የለም። ደግሜ እጫናለሁ፣ ምንም።

«ና እስቲ፣ ይህ ነገር ተበላሸ» አልኩት።

«አልተበላሸም።»

«ብጫነው ብጫነው አይሠራም።»

«በአውራ ጣትሽ ተጫኚው» አለ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር።

በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። ተከፈተ። ሌባ ጣት የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ወደ አውራ ጣት አዙሮታል።

«ለምን ወደዚህ አመጣኸው?»

«ይመቸኛል።»

ጎረቤታችንን ተሰናብቶ ገባና በሩን ገርበብ አደረገው። ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እንደ ሰው ዕቃ ያየው ጀመር።

«ሌባ ጣቴ አይታዘዘኝም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

እጁን ያዝኩት። ጣቱን በመዳፌ ውስጥ አደረግኩና «በል ጭመቀኝ» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«እየጨመቅኩሽ ነው እኮ» አለ።

ባሕር ዳር ሄድን። ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በየደረስንበት እጁን እየዘረጋ፣ እያጠፈ፣ በመርፌ እየተወጋ። አዲስ አበባ ያየን ሐኪም ወንበሩን ወደ እኛ ስቦ ቀስ ብሎ ነገረን። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ ከእጅ ይጀምርና ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም አለን። ስንመለስ አባቱ ጣራ ገዳም ወስደው ጠበል አስጠመቁት። ከዚያ ሲመጣ ፊቱ የተረጋጋ ነበር፤ እጁ ግን ያው ነው።

ሱቁን አልዘጋም አለ። በዚያ ጊዜ ማውሱ የጨዋታ ዕቃ መሆኑ ቀረ፤ እንጀራችን ሆነ። በሁለት እጁ መተየብ ሲያቅተው፣ ማመልከቻ ሁሉ መግቢያና መውጫው አንድ ዓይነት ነው ብሎ እሱን በማውሱ ቁልፎች ላይ አስቀመጠው። አንዷን ሲጫን «ጉዳዩ፦» ብላ ትጽፋለች። ሌላዋን ሲጫን «ለሚደረግልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ» የሚለው እንዳለ ዱብ ይላል። መሐሉን በግራ እጁ ለቀም ለቀም ያደርጋል። አንድ ባላገር ይህን አይቶ «ገና ሳልነግርህ ማመስገኔን እንዴት አወቅህ?» ሲለው እንዴት እንደሳቀ!

ጣቶቹ እየተከተሉ ሄዱ። አንዱ ጣት ሲተኛ ሥራውን ለሌላው ያስረክባል። የቀስቱን ፍጥነት በየጊዜው ይጨምረዋል፤ መጨረሻ ላይ አንጓው ትንሽ ስትነቃነቅ ቀስቱ ስክሪኑን ያቋርጥ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመጣ ማውሱን በግራ እጁ ደግፎ ጠበቀኝ አንድ ቀን።

«ብረቶቹን አውጪልኝ። ከብዶኛል» አለኝ።

ለእኔ ብሎ የጨመራቸው ብረቶች ነበሩ። ሆዱን ከፍቼ አወጣኋቸው። መዳፌ ላይ አስቀምጬ ሳያቸው ሁሉም ተደምረው የአንዲት ሎሚ ያህል እንኳ አይከብዱም።

አውራ ጣቱም መድከም ሲጀምር «እኔ እጅ እሆንሃለሁ፣ አንተ ንገረኝ» አልኩት። አብረን ልንጫወት ተቀመጥን። እሱ ይናገራል፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ። ንግግሩም መጎተት ጀምሮ ነበር።

«ወደ ግራ... ፈረሰኞቹን ያዢ... እነሱን አይደለም፣ እነሱ እንጨት ቆራጮች ናቸው...»

እንጨት ቆራጮቹን ጦርነት ላይ ላክኋቸው። አለቁ። መንደሩ በአንድ በኩል መቃጠል ጀመረ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ድምፁ ተቀየረ። ቀና ብዬ ሳየው እያለቀሰ ነው። ዕንባውን ራሱ መጥረግ አልቻለም። በነጠላዬ ጠረግኩለት። ልቅሶው ስለ ጨዋታው እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሩዙ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ አባቱ ሊወስዱት መጡ። እኔ ገና ከክፍል መውጣቴ ነበር፤ እጄ ላይ የጠመኔ ዱቄት አለ።

«ልጄ፣ ቤትህ ግባ» አሉት። «እናት ባይኖርህ እኔ አለሁ። ይህ ሱቅ ምን ያደርግልሃል?»

«ይህቺን ልጨርስ አባባ» አላቸው።

ጨዋታ ጀምሮ ነበር። እኔ ጠዋት እጁን ማውሱ ላይ አስቀምጬለት ነው የሄድኩት፤ እጁ ባለበት አለ። ጠላት በመንደሩ በር እየገባ ነው። አንጓው ግን አልነቃነቅ አለ። አባቱ ለጥቂት ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ አግዳሚዋን ስበው አጠገቡ ተቀመጡና፣ ማጭድና ሞፈር ያጠነከረውን ሰፊ መዳፋቸውን በልጃቸው እጅ ላይ አሳረፉት።

«ወዴት ልውሰድህ?» አሉት።

«ወደ ቀኝ... ቀስ ይበሉ... ይፈጥናል።»

«እሽ። በየት በኩል ነው ጠላት?»

«በበሩ በኩል... እዚህ... አሁን አውራ ጣቴን ይጫኑት።»

የልጃቸውን አውራ ጣት በራሳቸው አውራ ጣት ተጫኑት። ስክሪኑ ላይ ያሉት ትንንሽ ሰዎች ተንቀሳቀሱ። እሳቸው ደነገጡ፤ ከዚያ ቀጠሉ። ያኔ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ከፎቶ ኮፒው ጀርባ ገብቼ አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ በኩል የሰማሁት የሁለቱን ድምፅ ብቻ ነው፤ አንዱ የተሰባበረ፣ አንዱ የሸመገለ። «በርታ በርታ፣ መለስናቸው እኮ!» ይላሉ አባት።

ያን ቀን ሳይወስዱት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ቀን ብቻ ሳይሆን በየሁለት ሦስት ቀኑ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጡ ነበር።

ባለቤቴ በክረምት ዐረፈ። ትንፋሹ አጥሮት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ላይ፣ እጁ በእጄ ውስጥ እያለ። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ውሃ አልብሶት ነበር። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር አባቱ ስለፈለጉ ወንዶቹ ቃሬዛውን ከትከሻ ከፍ አድርገው ውሃውን እየጣሱ ወሰዱት። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ከኋላ ተከተልኩ። ጭቃው ጫማዬን ወሰደው፤ ሰው ቆም ብሎ ሲፈልግልኝ «ተዉት» አልኩ።

ከአርባው በኋላ ኮምፒውተሩን የሚገዛ ሰው መጣ። ከፍቶ ሊሞክረው ተቀመጠና ማውሱን ያዘ። ተጫነ፣ ምንም የለም። በትንሹ ሲያንቀሳቅሰው ቀስቱ ጥግ ላይ ሄዶ ተጋጨ።

«ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ይህ ማውስ ግን ተበላሽቷል» አለኝ።

ወደ ነበረበት የሚመልሰው ቁልፍ ፕሮግራሙ ውስጥ የት እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ያን ብጫን ማውሱ ውስጥ የተቀመጠው የመጨረሻው የእጁ ልክ ይጠፋል።

«አዎ ተበላሽቷል» አልኩት። ሌላ ተራ ማውስ ሰጥቼ ሸኘሁት።

በሚቀጥለው ዓመት ወደ አገሬ ዝውውር ተፈቀደልኝ። ለአባቱ ለመንገር ፈርቼ ብዙ ሰነበትኩ። ስነግራቸው ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«ሂጂ» አሉኝ። «ሂጂ ስልሽ ጠልቼሽ አይደለም። ባየሁሽ ቁጥር እሱን ስለምፈልግ ነው። አንቺም እኔን ስታይ እንደዚያው ነሽ።»

እውነታቸውን ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅኩ፤ አንስተው ግንባሬን ሳሙኝ። መናኸሪያ ድረስ አልሸኙኝም። አውቶቡሱ የሐሙሲትን ከተማ ካለፈ በኋላ ነው ልቅሶዬ የወጣው፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ምንም ሳይጠይቁኝ ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉልኝ ነበር።

አሁን የማስተምረው ሌላ ከተማ ነው። አላገባሁም። ሰዎች ገና ነሽ ይሉኛል፤ እኔም አልከራከርም። አባቱ በዓል በመጣ ቁጥር ጎረቤት ደውሎላቸው ያገኙኛል። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ከመጠየቃቸው በፊት የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«እጆችሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው አባባ።»

«ጣቶችሽ ሁሉ?»

ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ የሌላውን ጣቶች አንድ በአንድ አጥፋቸዋለሁ፣ እዘረጋቸዋለሁ።

«ሁሉም» እላቸዋለሁ።