በማርያም ዕለት ያረሰችው ባጃጅ

የባለቤቴ ባጃጅ ክረምት በገባ ቁጥር ከሰፈራችን ወደ ገሳይ ከተማ አስፋልት በሚያወጣው የጭቃ መንገድ ላይ ትቀረቀር ነበር። ግፉልኝ እያለ ሰው መለመን ሲሰለቸው ደብረ ታቦር ብየዳ ቤት ሄዶ፣ የኋላ ጎማዎቿ ላይ የሚታሰሩ ብረቶች አሠራ። ጭቃውን እየቀዘፉ የሚያስወጡ መቅዘፊያዎች ናቸው መባሉ ነው። መቅዘፊያ ግን ሰፊና ዝርግ ነው። የእኔ ሰውዬ የገበሬ ልጅ ስለሆነ መሬት የሚነክስ ነገር ሌላ አይታየውም፤ ጫፋቸውን እንደ ማረሻ አስሹሎ አመጣቸው። ዘጠነኛ ወሬ ገብቶ ነበርና እኔም ብረቱን ዳሰስኩና «እሰይ» አልኩት።

ምጥ የጀመረኝ በሐምሌ ማርያም ጠዋት ነው። እኔንና እናቱን ጭኖ ወደ ጤና ጣቢያ ተነሣ። ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ ጎማዎቹ ባሉበት ይሽከረከሩ ጀመር። ነዳጅ ሲሰጣት ብረቶቹ መሬቱን ቆፈሩ፤ ደግሞ ሲሰጣት ደግመው ቆፈሩ። ባጃጇ በሆዷ ጭቃው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ጉልበቴ ከፊት ወንበሩ ጋር ተጣብቆ፣ መቀመጥም መጋደምም አቃተኝ። ዝናቡ ሸራውን ይደበድባል። ታፈንኩ። ባሌን በዚያች ሰዓት ጠላሁት፤ አልዋሽም።

ከቅዳሴ የሚመለሱ ሰዎች ከበቡን። ቢገፉ፣ ቢገፉ ንቅንቅ አልል አለች። ቃሬዛ ይምጣ ያለም ነበር፤ የሰፈሩ ቃሬዛ ግን በዚያው ጠዋት ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል። ባሌ በሬ አምጡልኝ ብሎ ለመናቸው።

«በማርያም በዓል በሬ ይጠመዳል እንዴ?» አሉ አንድ ሽማግሌ። የተቆፈረውን ትልም በዘንጋቸው እያሳዩም፣ «በበዓል ስታርስ ያረፈድኸውስ አንተው ነህ!» አሉት። ሰዉ ሳቀ። ሴቶቹ ሸራውን ገለጥ አድርገው «ማርያም ትቅረብሽ» አሉኝ።

«ማርያምማ ቀርባለች፤ የራቀው በሬው ነው!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

አማቴ ወርደው ከሽማግሌው እግር ላይ ወደቁ። «አባቴ፣ ለእርሻ አይደለም፤ ለነፍስ ነው። እርስዎም ልጅ አለዎት» አሏቸው። ሽማግሌው ለአፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አማተቡና ልጆቻቸውን በሬ እንዲያመጡ ላኩ።

በሬዎቹ ሲደርሱ እኔ ተገላግዬ ነበር። ልጁ እዚያው ወንበር ላይ፣ በአማቴ እጅ ወረደ። ገለበጡት፣ አፉን ጠረጉለት፣ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት። ሴቶቹ እልል ለማለት ድምፁን ይጠብቁ ነበር። ልጄ ግን አላለቀሰም።

በሬዎቹ ባጃጇን ወዲያው ጎትተው አወጧት። ባሌ መሪውን እንደያዘ ይንሰቀሰቃል። ሴቶቹ ምን ይበሉ፤ አንድ በአንድ እየቀረቡ ለወለደች ሴት የሚባለውን አሉኝ፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

እኔንማ ምራኛለች።