የሰርካለም ድራይቨር

ጌታሰው ደሴ ስለ ማሽን ሲያወራ ጨዋታው አይጠገብም፤ ስለ ራሱ ተናገር ካሉት ግን ቃሉ በጉጠት ነው የሚወጣው። ሰቆጣ ውስጥ በአንድ ማሠልጠኛ የኮምፒውተር ክፍል ሲሠራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ሥራው፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ የተንጠለጠሉበትን አንድ ትልቅ ማሽን፣ ሰርቨሩን፣ በሕይወት ማቆየት ነው። ቀላል እንዳይመስላችሁ። የከተማው መብራት በጄኔሬተር ነበር፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ሲለው ያጓራል፣ ሲለው ያቃስታል፣ ኃይሉም አብሮት ይወጣል ይወርዳል።

በማሽኑ ሆድ ውስጥ ሙቀቱን፣ የማራገቢያውን ፍጥነትና የኤሌክትሪኩን ጉልበት የምትለካ አንዲት ቺፕ አለች። ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ከሌለ ግን የለካችውን ለማንም አትናገርም። ሻጮቹ ለዚያች ቺፕ ድራይቨር አልሠሩላትም። የሠራችላት ሰርካለም ምንዋጋው ናት፤ በ1994 ዓ.ም.።

ሰርካለም የአምደወርቅ ልጅ፣ የልብስ ሰፊው የአቶ ምንዋጋው የበኩር ልጅ ናት። ባሕር ዳር ከጌታሰው ጋር ተምራ፣ ሰቆጣም አብራው ተቀጠረች። ድራይቨሩን ሦስት ወር ለፉበት። እሱ ከጤና ጣቢያ የተዋሰውን ቴርሞሜትር በማሽኑ ውስጥ ሰክቶ ቁጥሩን ይጠራል፣ እሷ ትጽፋለች። ጌታሰው፣ ከሕይወትህ ሦስት ወር ምረጥ ቢባል፣ ያለ ጥርጥር እነዚያን ነበር የሚመርጠው። ይህን ግን ለእሷ ነግሯት አያውቅም።

ኮዱ አናት ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ። አንዱ ደራሲ ይላል፤ የጻፈው ሰው። ሁለተኛው ባለአደራ ይላል፤ ዛሬ ቢበላሽ የሚጠየቀው ሰው። በሁለቱም ላይ የተጻፈው የእሷ ስም ነበር።

በ1996 ሰርካለም ለትምህርት ወደ ሆላንድ ሄደች። መናኸሪያ ሲሸኛት ሻንጣዋን አውቶቡሱ ላይ አስጫነ፣ ወንበሯን ፈለገላት፣ መስኮቱን ሞከረላት። ከዚያ ፊት ለፊቱ ቆመችና፣ "የምትለኝ ነገር አለ?" አለችው።

ነበረው እንጂ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያብላላው የኖረ ነገር ነበረው። እሱ ግን፣ "ስምሽን ከባለአደራው መስመር ላይ አላነሳውም" አላት።

"አደራ እንግዲያ" አለችና ወደ አውቶቡሱ ገባች።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ኢሜይል ትጽፍለት ነበር። ከዚያ በየወሩ ሆነ፤ ከዚያ በዓል በዓል ብቻ፤ ከዚያ ጠፋች። እሱም እንደ ጅል ስለ ማራገቢያው ፍጥነት ነበር የሚጽፍላት።

በ1998 ለማሠልጠኛው አዲስ ዲስክ መጣ። የድሮው ከርነል፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ዲስኩን አላውቅህም አለው። አዲሱ ከርነል ዲስኩን ተቀበለ፤ የሰርካለምን ድራይቨር ግን አልቀበልም አለ። ጌታሰው ዛሬ ነገ እያለ ሁለት ወር ገፋው። አለቃው ሰነፈ ብሎ አማው። ነገሩ ስንፍና አልነበረም፤ ድራይቨሩን ወደ አዲሱ ከርነል ማሻገር ማለት እሷ የጻፈችውን መስመር በመስመር መደምሰስ ማለት ነበር፣ እጁ እምቢ አለው።

በመጨረሻ ጀመረው። የእሷ ድራይቨር ልኬቱን ሁሉ እንደ ደብዳቤ በአንድ ፋይል ነበር የሚጽፈው፤ አዲሱ ከርነል እያንዳንዱን ቁጥር በየራሱ ፋይል፣ ሙቀቱንም በዲግሪ አንድ ሺኛ ቆጥረህ አምጣልኝ ይላል። ጌታሰው በሺህ ማባዛቱን ረሳውና፣ እጅ የሚያቃጥለው ማሽን ዜሮ ዲግሪ ነኝ ብሎ ቁጭ አለ። ብቻውን ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ዞር ቢል የሚነግረው ሰው የለም፤ የእሷ ወንበር ላይ የተቆለለው አሮጌ ኪቦርድ ነው።

ከአንዲት ስሌት ጎን የተወችውን ማስታወሻም ያገኘው ያን ቀን ነው። "ይህን ቁጥር አትንኩት፤ ጌታሰው በእጁ ለክቶታል" ይላል። አልነካውም።

ሥራው ሲያልቅ፣ ከርነል በተለወጠ ቁጥር እንደገና ከመልፋት ድራይቨሩ የከርነሉ አካል ይሁን ብሎ፣ ከርነሉን በየአገሩ ሆነው በበጎ ፈቃድ ለሚጠብቁት ባለሙያዎች ላከው። መልሱ አጭር ነበር፦ ሥራህ መልካም ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የጻፈችው ሰው መፍቀዷን በስሟ ታረጋግጥ። ጌታሰው ደነገጠም፣ ደስም አለው። ለእሷ የሚጽፍበት ምክንያት አገኘ። በድሮ አድራሻዋ ጻፈ፤ ኢሜይሉ ተመልሶ መጣ።

ስለዚህ ቅዳሜ በሚኒባስ አምደወርቅ ወረደ። የሰው ቤት በባዶ እጅ አይኬድም ብሎ አንድ ጣሳ ነጭ ማር ያዘ፤ ኮቱንም ለበሰ። አቶ ምንዋጋው በረንዳቸው ላይ ሲሰፉ አገኛቸው። ማሩን አዩት፣ ኮቱን አዩት፣ እግራቸውን ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ አነሱ።

"የሰርካለምን አዲስ አድራሻ ፈልጌ ነበር፣ አባባ" አለ።

"ብቻህን መጣህ?" አሉት በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣኛ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ። "ሽማግሌ መላክ በናንተ ዘመን ቀረ እንዴ ልጄ?"

ነገሩ ገባው። የለም፣ የሥራ ጉዳይ ነው፣ ማለት ነበረበት። አላለም። ለአንዲት ደቂቃ የሰርካለምን እጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሆነና፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሆኑ ጣመው።

"እኔስ ሁለት ክረምት ጠበቅሁህ" አሉ ሽማግሌው። "እሷም ሳትጠብቅህ አልቀረችም።" አድራሻውን በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔያቸው ካርቶን ላይ ጽፈው ሰጡት፤ ማሩንም ተቀበሉ።

ሰቆጣ ሲመለስ፣ ኢሜይል የሚላክበት የከተማው የስልክ መስመር ተቋርጦ ቆየው። በአራተኛው ቀን ሲለቀቅ ኢሜይሉን ላከ፦ ስለ ከርነሉ፣ ስለ ፈቃዱ፣ ሰላምታ። ስለ ማሩ ምንም አልጻፈም።

በማግስቱ መልሱ መጣ። መጀመሪያ የማረጋገጫው መስመር ከነሙሉ ስሟ ተጽፏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

"አባዬ ቅዳሜ ማታ ደውሎ ጌታሰው በመጨረሻ መጣ አለኝ። አራት ቀን አምኜው ሰነበትኩ። ዛሬ ኢሜይልህን ስከፍት የድራይቨር ጉዳይ ነው። ባትጠይቀኝም መልሴን ልንገርህ። ያን ጊዜ መናኸሪያ ላይ ብትጠይቀኝ እሺ ነበር። አሁን እዚህ ሰው አለኝ፣ ቤትም አለኝ፣ አልመለስም። ደራሲው ላይ ስሜን ተወው፣ ጽፌዋለሁና። ባለአደራው ላይ ግን ያንተን ጻፍ። ማሽኑ ያለው አንተ ዘንድ ነው።"

ጌታሰው ሦስት ጊዜ አነበበው። አለቀሰ፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ከዚያ ፋይሉን ከፈተና፣ አላነሳውም ያለውን ስም አንስቶ የራሱን ጻፈበት።

ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ገባ፤ ከከርነሉም ጋር በየአገሩ ባለ ማሽን ላይ ተጫነ። አናቱ ላይ ደራሲ ሰርካለም ምንዋጋው፣ ከሥሯ ባለአደራ ጌታሰው ደሴ ይላል። የሁለቱ ስም አንድ ላይ የተጻፈው እዚያ ብቻ ነው።