ናፍጣ የማያውቅ አሜሪካዊ ይዞ ቡታጅራ መሄድ

ንጋት፣ ጎፋ

ጎህ ሲቀድ መኪናዬን አስነሳሁ። ጎረቤት ሁሉ እንደነቃ አውቃለሁ፤ እሷ ተነስታ ጎፋ ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ሰው የለም። ከእኔ ጸጉር በፊት ያረጀች የጃፓን የቤት መኪና ናት። ናፍጣ ትጠጣለች፣ ታጓራለች፣ ትሄዳለች። ጩኸቷን ያልወደደ በእግሩ ይሂድ።

የምንሄደው ለሽምግልና ነው። የሟች ወንድሜ ልጅ ሳሙኤል፣ እኔ ቤት ያደገው፣ ቡታጅራ ያለች ምሕረት የምትባል ልጅ ወዷል። አባቷ አቶ ደግፌ የጭነት መኪኖች ያሏቸው፣ ለሽማግሌ ብለው ፊታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። ባለፈው ስንሄድ መልስ አልሰጡንም። "ቅዳሜ ከቀትር በፊት ኑ። ከቀትር በኋላ የመጣ ሽማግሌ የሌላ ሰው ልጅ ይጠይቅ" ብለው ሸኙን። ሳሙኤል ከዚያ ወዲህ እህል ሲቀርብለት በጣቱ እየነካካ ይነሳል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። አንዱ እኔ፣ ሌላው ለቡ ጫማ የሚነግዱት፣ ትውልዳቸው ቡታጅራ የሆነው ሐጂ ከድር። ሦስተኛው ትናንት ማታ ታመምኩ ብሎ ቀረ። ባለቤቴ ወዲያው ወንድሟን ተስፋዬን አመጣችልኝ። ዕድሜውን አሜሪካ የጨረሰ፣ ሁለት ዲግሪ ያለው፣ ለእረፍት የመጣ ሰው ነው። በመካከላችሁ የአሜሪካ ሰው ቢኖር ክብር ነው አለች። ክብሩን ሙሉ ሱፍ አልብሳ ጎኔ አስቀመጠችው።

ገና ከሰፈር ሳንወጣ ተስፋዬ ጆሮውን አዘንብሎ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ሞተር ደህና ነው?" አለኝ። ጸባይዋ ነው አልኩት።

ማለዳ፣ ላፍቶ

ቦንቦሊኖ ገዛን። ዋጋው በጨመረ ቁጥር መሃሉ ያለው ቀዳዳ ይሰፋል፤ በቅርቡ ቀዳዳውን ብቻ ይሸጡልናል። ተስፋዬ እየበላ ፎቁን ሁሉ ፎቶ ያነሳል። ይሄ እኮ እርሻ ነበር ይለኛል፣ እኔ የማላውቅ ይመስል። አዎ እርሻ ነበር፤ አሁን መስታወት ይበቅልበታል።

ለቡ

ማደያው ጋ የናፍጣው ሰልፍ መንገዱን ይዞ ወጥቷል። ገልባጭ፣ ቅጥቅጥ፣ ገልባጭ። መኪናዬን ከኋላቸው አስገባሁና ቁልፉን ለተስፋዬ ሰጠሁት። ወረፋው ሲደርስ ሙሉ አስሞላ ብዬው ሐጂ ከድርን ልጠራ ወደ ኮንዶሚኒየማቸው ገባሁ።

ሐጂ አልቸኮሉም። ጫማ ነጋዴ ናቸውና የትኛውን ጫማ እንደሚያደርጉ መምረጥ ነበረባቸው። እየፈራሁ ስመለስ መኪናዬ ሞልታ፣ ከሰልፉ ወጥታ፣ ወደ መውጫው ዞራ ቆማለች። ተስፋዬ ደረቱን ነፍቶ ይጠብቀናል።

"ሰልፍ ተሳስተህ ነበር ጋሼ" አለኝ። "በአጭሩ ጨረስኩልህ።"

ተባረክ አልኩት። በገዛ አፌ መረቅኩት።

ከዓለም ገና ማዶ

ከተማውን እንደለቀቅን መኪናዬ ማሳል ጀመረች። ቀጥላ ተንፏቀቀች። ወደ አዋሽ ድልድይ የሚወስደውን ቁልቁለት ሳናይ እመንገድ ዳር ተኝታ ቀረች። የነዳጁን ክዳን ከፍቼ አሸተትኩ። ከዚያ በኋላ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም ነበር፤ ጠየቅሁት እንጂ።

"ምንድን ነው ያስሞላኸው?"

"ነዳጅ ነዋ።"

"የቱን ነዳጅ?"

"ቤንዚን። የቤት መኪና አይደለች እንዴ?"

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከስሜ ቀጥሎ ያለ አስተማሪ የጻፍኩት ቃል እዚያ ክዳን ላይ በቀይ ቀለም አለ፤ ናፍጣ ይላል። ነዳጅ ቀጂዋ ሳትቀር አሳይታዋለች፤ ራሱ ነገረኝ። እሱ ግን የድሮ ባለቤት የጻፈው ይሆናል፣ ቤንዚን ነው ብሎ ድርቅ አለ። ሱፍ ለብሷል፤ ሞላችለት።

ምን ነካህ ስለው እየተርበተበተ አስረዳኝ። በእነሱ አገር ናፍጣ የከባድ መኪና ነገር ነው። ዕቃ የሚጭኑ ትልልቅ ፒክአፖችም አሉ። የቤት መኪና ልግዛ ብለህ ናፍጣ ብትጠይቅ ግን ሻጩ እንደ እብድ ያይሃል። ድሮ ሞክረውት ሞተሩ እየተበላሸ አስመርሯቸዋል። ቀጥሎ የጭስ ሕጉ ጠበቀ፤ የጭሱን ልክ ደብቆ የሸጠ ፋብሪካም ተይዞ ሰው ናፍጣን ጠላ። ናፍጣው ራሱ ከቤንዚን ይወደዳል፤ መቅጃው የሌለበት ማደያም ሞልቷል።

ጨረቃ ላይ ሰው ያወጣ አገር ናፍጣ የሚጠጣ የቤት መኪና የሚገዛበት አጣ! እኛ ጎፋ ውስጥ ይዘን የምንዞረውን። ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን በመሀረብ ይወለውላሉ። "ሁሉ ነገር አለ ሲሉን የኖሩት አገር ይሄ ነው?" አሉ።

ፀሐይዋ ወደ አናታችን እየመጣች ነው። ማደያ ሄደን በጀሪካን እንግዛ ብንል አይሸጡልንም፤ ክልክል ነው። በመጨረሻ አሸዋ የሚጭን ገልባጭ ቆመልን። ሹፌሩ ነገሩን ሲሰማ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ቤንዚናችሁን ለሞተር ሳይክሌ ስጡኝ፣ ናፍጣ ከእኔ ቅዱ አለ። ቱቦም አቀበለን። ናፍጣ በቱቦ የሚወጣው አንድ ሰው በአፉ ሲስበው ነው። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ቤንዚኑን አፈሳለሁ።

"ያስሞላው ይሳብ" አለ ሹፌሩ።

ተስፋዬ ሳበ። ሲመጣ አላወቀበትም፤ ዋጠው። የቀረውም ሱፉ ላይ ፈሰሰ። ጉድጓድ ዳር ተንበርክኮ ቦንቦሊኖውን ከነቀዳዳው መለሰ። ጠዋት የመረቅኩትን ምርቃት በልቤ አንስቼበታለሁ።

ከሞተሩ አየሩን በእጅ ፓምፕ አስወጥቼ እስካስነሳት እድሜዬ አጠረ። አጉረመረመች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። ቡኢን ስናልፍ ቀትር አልፏል። ሳሙኤል ደጋግሞ ይደውላል፤ ስልኩን የሚያነሳ ወንድ ከመካከላችን ጠፋ።

ቡታጅራ

አቶ ደግፌ ሳሎናቸው መሃል ቆመው ተቀበሉን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈቀድለት አይቀመጥምና እኛም ቆምን። ለምን ዘገያችሁ አሉ። እኔ ጎማ ፈነዳ ልል አፌን ስከፍት ተስፋዬ ቀደመኝ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው። ናፍጣ መኪና ላይ ቤንዚን አስሞላሁ። አሜሪካ የቤት መኪና ናፍጣ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም።"

የአቶ ደግፌ ፊት ጠቆረ። ማርፈዳችንን ትተው ይሄን ያዙ። ከቤታቸው ወጥተው መኪናዬን ዞሩ፤ ክዳኑን አዩ። ተመልሰው መጡ።

"ናፍጣ ተብሎ በቀይ ተጽፏል" አሉ። "አሜሪካ የሌለ መኪና አለ ብላችሁ እኔን ቡታጅራ ቁጭ አድርጋችሁ ልታሞኙኝ ነው? ለሚዋሽ ቤት ልጅ አልሰጥም።"

ተስፋዬ የጭሱን ሕግ ጀመረ። ስለ ጭስ በተናገረ ቁጥር ነገሩ ይበልጥ ውሸት መሰለ። እውነት ለመሆኑ ምስክር የሚሆነን አንድ ሰው አልነበረም። ወንድሜን አሰብኩት። ልጁን አደራ ብሎኝ ነው የሞተው፤ እኔ ደግሞ አሜሪካ ባልሸጠችው መኪና ሙሽራ ላሳጣው ነው።

ሐጂ ከድር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ።

"እኔ አሜሪካን አላውቅም" አሉ። "ይሄ ሰው ግን ለእናንተ ልጅ ሲል ዛሬ ናፍጣ ጠጥቷል። ቀርበው ያሽትቱት።"

አቶ ደግፌ ቀረቡ። የተስፋዬን ኮሌታ ይዘው አሸተቱ። ዕድሜያቸውን ከናፍጣ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። ደግመው አሸተቱ። ከጓዳ በኩል ሴቶች ትንፋሻቸውን ይዘው እንደሚሰሙ አውቀናል።

"ውሸት ቢሆን" አሉ፣ "ሦስት ትልልቅ ሰዎች ሆናችሁ ከዚህ የተሻለ ትዋሹ ነበር።"

ኮሌታውን ለቀቁት።

"ተቀመጡ።"

ማታ፣ ለቡ

ስንመለስ ያው ማደያ ገባን። እኛም አገር አሁን የነዳጅ መኪና ማስገባት ቀርቷል፤ ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚባለው። በአሜሪካ ስስቅ የዋልኩ ሰው፣ ነገ የሳሙኤል ልጆች ናፍጣ የሚጠጣ የቤት መኪና ነበረን ስላቸው ውሸታም ይሉኛል። የሚሸተት ኮሌታ እንኳ አላስቀምጥላቸውም።

ሰልፉ አሁንም ረጅም ነው። በትክክለኛው ገባን። ተራችን ሲደርስ ተስፋዬ ማንም ሳይጠራው ወርዶ ሄደና ክዳኑ ላይ መዳፉን ጫነ። ቀጂዋ አየችው። ምን እንደምትቀዳ ጠየቃት፤ ናፍጣ አለችው። መቅጃውንም አንዴ አሳዪኝ አላት። ከኋላችን የቆመው ገልባጭ ጥሩንባውን ለቀቀው፣ ቀጥሎ የኋላውም፣ የኋላ ኋላውም።

ይንፉ። ለሙሽራችንም አንድ ጥሩንባ ይገባታል።