የአራተኛው ስንኝ እርማት

«እትዬ ጥሩወርቅ በእንግዳ ፊት የልጆቹን መዝሙር አስቆሙ አሉ» እየተባለ ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንደሚወራ ትናንት ጠዋት ሰማሁ። የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው፤ ጥሩወርቅ እኔ መሆኔን አላወቀም። አላስቆምኩም። እስከ መጨረሻው ቆሜ ነው ያዳመጥኩት። ነገር ያመጣው ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ነው።

እዚሁ ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙዚቃ አስተምሬአለሁ። ጡረታ ስወጣ የሙዚቃ ክፍሉን ቁልፍ የሚረከበኝ ኮሚቴ ይቋቋማል ተባለ። አልተቋቋመም። እኔ ደግሞ ያለ ርክክብ ቁልፍ አልሰጥም። ስለዚህ በቦታዬ የተተካችው መምህርት ዘይነብ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ቤቴ መጥታ ቁልፉን ትወስዳለች፣ ማታ ትመልሳለች። አርፍዳ አታውቅም።

ባለፈው ሳምንት ርዕሰ መምህሩ ደወለልኝ። ሙዚቃ ፈተና ላይ ስለማይመጣ ክፍሉ የተሰባበረ ወንበር ማስቀመጫ ሊሆን ነው፤ ዘይነብም ወደ ስፖርት ትዛወራለች። የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማክሰኞ ከዞን የሚመጣው እንግዳ ስለሆነ ቁልፉን ይዤ እንድመጣ ለመነኝ።

ማክሰኞ ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልዬ ሄድኩ።

እንግዳው ፀጉሩ የሸበተ የውጫሌ፣ የአምባሰል አገር ሰው ነው። ልጆቹ የትምህርት ቤቱን መዝሙር ሊያሰሙት ተሰለፉ። መዝሙሩን የደረስኩት እኔ ነኝ፤ በትዝታ ቅኝት ነው፣ ኖታውም በእጄ ጽሑፍ ደብተሬ ላይ አለ። ሁልጊዜ የሚዘመረው ከተቀዳ ኪቦርድ ጋር በድምፅ ማጉያ ነው። ያን ቀን መብራት ጠፋ...

ልጆቹ በባዶ ድምፃቸው ጀመሩ። ሦስቱ ስንኞች ደብተሬ ላይ እንዳሉት ሄዱ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ሁሉም ባንዴ፣ ማንም ሳይጠቁማቸው፣ ወደ አምባሰል ቅኝት ገቡ። ያ ቅኝት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከጎረቤታችን ነው፤ የዚህ አገር ልጅ ኪቦርድ ካልያዘው ድምፁ ወደዚያው ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት የታገልኩት ይህንኑ ነው። ራሷን ዘይነብን፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለች፣ አራተኛውን ስንኝ እንዲህ ዘመርሽ ብዬ ከመዘምራኑ አስወጥቻታለሁ።

ዞር ብዬ አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

እንግዳው እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀሰም። ማን እንደደረሰው ሲጠይቅ ርዕሰ መምህሩ ፈጠን ብሎ እኔን አሳየው።

«እትዬ፣ አራተኛው ስንኝ ላይ ያደረጉት ነገር ግሩም ነው» አለኝ ባርኔጣውን አውልቆ። እንዲህ ያለ ነገር የሚሰጥበት ክፍል ወንበር ሊከመርበት አይገባም አለ።

ዝም ብል ክፍሉ ይተርፍ ነበር። ርዕሰ መምህሩም ዝም ይበሉ እያለ በዓይኑ ይለምነኛል።

«እሱ የእኔ አይደለም» አልኩ። «እኔ ያስተማርኩት ሌላ ነው። ይኼ ስህተት ነው።»

እንግዳው ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«የማን ስህተት?»

«የእሷ» ብዬ ዘይነብን አሳየሁ። «ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ።»

ዘይነብ ቀና አለች። «ወላሂ አላስተማርኳቸውም፣ ቲቸር። የሰጠኋቸው የእርስዎን ኖታ ነው። እዚያ ሲደርሱ ይወጣሉ። እንደ እርስዎ ላስወጣ ብል ደግሞ... ማን ይቀርልኛል?»

እንግዳው ሁለቱንም በየተራ ልስማ፣ ዳኛዋም እርስዎ ይሁኑ አለኝ። ዘይነብ መጀመሪያ የእኔን አዘመረች፤ ልጆቹ ደብተሬን ሳይስቱ ጨረሱ። ቀጥሎ እንደ ልባቸው ለቀቀቻቸው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ እንደ ፈተና ቀን፣ ሰማሁ።

ለእኔ ከአሥር ስድስት ሰጠሁ።

«የልጆቹስ?» አለ እንግዳው።

«የሚታረም አላገኘሁበትም።»

እንግዳው ርዕሰ መምህሩን ለወንበሩ ሌላ ቦታ ፈልግለት አለውና ወደ መኪናው ሄደ። ቁልፉ በመሐረቡ እንደተጠቀለለ ይዤው ተመለስኩ። ርክክብ ስላልነበረ።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ጽፌ ጨርሻለሁ። ቀይ እስክሪብቶ ፈልጌ አራተኛውን ስንኝ ደብተሬ ላይ አርማለሁ። ዘይነብ ቁልፉን ልትወስድ ስትመጣ ራሴ ያዘጋጀሁትን የርክክብ ወረቀት አስፈርማታለሁ፤ ማታ መመለስ የለባትም። ከዚያ፣ ክፍለ ጊዜዋ ሳይረፍድባት፣ እዚያው በር ላይ ስድስተኛ ክፍል ሳለች የዘመረችው ልክ እንደነበረ እነግራታለሁ።