ብርድ ልብስ ለብቻ አይጨመቅም

ልብስ ማጠቢያ ማሽን ሻጭ ነው። ሰፈርተኛው «ቅቤ» ይለዋል፤ ቅቤ አንጓች ማለት ረዝሞበት ነው እንጂ ሙሉው ስም ይገባው ነበር። ለደንበኛ ሁሉ የሚያቀርባት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «እትዬ፣ ከእንግዲህ ጎረቤት ማስቸገር ቀረ!»

ያደገበት ግቢ ሰባት ቤት፣ አንድ ቧንቧ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶቹ ቧንቧውን ከበው ሲያጥቡ የማይታማም የማይመረቅም ሰው የለም። ብርድ ልብስ ደግሞ ለብቻ አይጨመቅም፤ አንዷ ከዚህ አንዷ ከዚያ ጫፉን ይዘው ይጠመዝዙታል። የተኳረፉት እንኳ ብርድ ልብስ የሚታጠብ ዕለት ይታረቁ ነበር። እናቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው የምትጠግበው እዚያ ብቻ ነው።

ቅቤ ሽያጩን ከዚሁ ግቢ አንድ ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ገዛች። ሁለተኛዋ «እሷ ከማን በልጣ ነው?» ብላ ገዛች። ለቀሩት ምላሱን ማድከም አላስፈለገውም፤ ቅናት ሸጠለት። በዓመቱ ከእናቱ በቀር ቧንቧው ዳር ሰው ጠፋ። ለእሷም ትልቁን ማሽን አመጣላት።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ያወራል?» አለችው።

«ሲጨርስ ይጮኻል።»

«እሱማ እኔም ስጨርስ እጮህ ይሆናል» አለችና ጨርቅ አልብሳ የዕቃ ማስቀመጫ አደረገችው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሊጠይቃት ሲመጣ ቧንቧው ሥር ወድቃ አገኛት። ብርድ ልብስ ለብቻዋ ልትጨምቅ ስትታገል አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሯል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነበረች። በሩ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከየቤቱ ማሽን ያጓራል።

ሐኪም ቤት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ «ምነው እማ፣ ምነው አልተጣራሽም? ይሄ ሁሉ ጎረቤት እያለ!» አላት።

«ጎረቤት ማስቸገር ቀረ ያልከው አንተ አይደለህ?»

የቁጣ ጠረን እንኳ የለባትም።

በማግስቱ ልብሷን ሊወስድላት ግቢው ሲገባ፣ ብርድ ልብሱ ቧንቧው ሥር እንደራሰ ወድቋል። ማሽኑ ውስጥ ሊከተው አስቦ እጁ እምቢ አለው። ለብቻው ሊጠመዝዘው ሞከረ፤ ውኃው ጫማው ላይ ወረደ እንጂ አልጨመቀለትም። ጫፉን እንደያዘ ቅርብ ያለውን በር አንኳኳ። ልጅ ሆኖ ጉንጩን እየሳሙ ያሳደጉት ሴትዮ ቤት ነው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። አንዴ ብቻ ላስቸግርዎ ነበር።»

«ገዝተናል እኮ፣ ልጄ! ሌላ አንፈልግም» አሉት፣ በሩን ሳይከፍቱ።